ኳሱም ደብተሩም
በጊደር መጋላ ዙሪያ ልጃቸው ለኳስ ሲል ትምህርቱን ሊተው ያለባቸው ወላጆች ምን እናድርግ ይሉኛል። የጌዲዮን ዘላለምን ነገር እነግራቸዋለሁ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ይህ አማካይ ገና በ16 ዓመቱ አርሰናል ገባ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ላይ ተቀይሮ ተሰለፈ። ቀጥሎ በውሰት ሬንጀርስ ሄዶ በስኮትላንድ ሁለተኛ እርከን ተጫወተ። በ2017 ግን ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በአርሰናል ዋናው ቡድን ቦታ ሳያገኝ በ2019 ወደ አሜሪካ ተመለሰ።

ችሎታ ሳያንስ ጉልበት ይከዳል። ስለዚህ ኳሱን አትከልክሉት፤ ደብተሩንም አታስጥሉት። ማታ ሲገባ “ስንት አገባህ?” በሉት፤ “የቤት ሥራህስ?” ማለትንም አትርሱ።