የውኃ ሞተር ጠጋኙ ከመንደር ይገኝ

ባሕር ዳር (ፋሲሎ)፦ በጣና ዳርቻ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር መጠቀም ከጀመረ ቆይቷል። ሞተሩ ሲበላሽ ግን ጠጋኙ ያለው ከተማ ነው። እስኪጠገን ድረስ ማሳው ይደርቃል። ይህ ሁሉ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት በመንደሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነው።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲቋቋም ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የእርሻ መካኒክነት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሙያው ምን ያህል ወደ ገጠሩ ተሻገረ ቢባል ግን መልሱ የሚያኮራ አይደለም።

እምቦጭን እንውሰድ። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። አረሙ በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ስለሚሆን፣ ቁራጩም መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የዘመቻ ጉልበት ብቻ አይበግረውም። የሚስፋፋበትን ወር ለይቶ የሚመዘግብ፣ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ እንደሚያፋፋው የሚያውቅ ወጣት በየቀበሌው ያስፈልጋል። ለዚህ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው የማኅበር መሪዎች ኃላፊነት ከብዷል። ከመጋዘኑ አንድ ጥግ ተለቅቆ የተበላሸ ሞተር ቢቀመጥበት፣ የግብርና ባለሙያውም በሳምንት አንድ ቀን እንዲገኝ ቢጠየቅ ሥራው ይጀመራል። ሴቶች ልጆች ጧት ውኃ ስለሚቀዱ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ቢሆን ይሻላል። እረኛውንም ልጅ በዚያ ቀን በተራ መተካት ለማኅበሩ የሚያዳግት አይደለም።