በወሬ የተጻፈ ተራራ

ባንክ ቤት ከመስኮት ኋላ የሚውል ሰው የዓመት ፈቃዱን እንደ ቁጠባ ይቆጥራል። የሥራ ባልደረባዬ የሂማላያን በረዶ በፎቶግራፍ እያየ ይመኛል፤ እኔ ግን ኩታበር ተቀምጬ የማቅደው ለአገሬ ተራራ ነው። በደሴ በኩል ወጥቼ፣ መካነ ሰላም አድሬ፣ ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ደንቆሮ ጫካ። ወሩ ታኅሣሥ ይሁን ብያለሁ፤ ሰማዩ የጠራ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ደጋ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖራሉ።

እውነቱን ልናዘዝ፤ ስለዚህ ተራራ ሦስት ግጥሞች ጽፌአለሁ፤ ረግጬው ግን አላውቅም። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት መንገዱን የሥጋት መንገድ አደረገው፤ ዕቅዴም ከመሳቢያ ሳይወጣ ቀረ። ሰላም ሲርቅ የሚጎዳው መንገደኛው ብቻ አይደለም፤ ገጣሚውም የገዛ አገሩን በወሬ ይጽፋል። በወሬ የተጻፈ ተራራ ደግሞ ውርጭ የለውም፤ አያንቀጠቅጥም።

ስለዚህ እነዚያን ግጥሞች ለአንባቢ አላቀርብም። የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ግን ዘንድሮም ሞልቼዋለሁ፤ ቀኑን ብቻ ባዶ ትቼ።

ቸር ያሰማን።