የማስታወክ መከላከያ ክኒን አወሳሰድ
የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቤት ውስጥ ሲኖር፣ ሕመምተኛውም ሆነ አስታማሚው አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል፤ ይኸውም የማስታወክ መከላከያ ክኒን በአብዛኛው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር፣ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት የሚዋጥ መሆኑን ነው። “ዛሬስ ተሽሎኛል” ብሎ ማቋረጥ ወይም ሲብስ መጠኑን መጨመር አይገባም።

ኦንዳንሴትሮን ራስ ምታትና የሆድ ድርቀት ሊያስከትል፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ስለሚችል፣ የልብ ሕመም ያለባት እናት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ሜቶክሎፕራማይድ የወሰደ ሰው ደግሞ ፊቱ ወይም አንገቱ ያለፈቃዱ ቢጣመም፣ ክኒኑን ሳይደግም ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂድ።

ለጎረቤት ታዞ የተረፈውን መዋስ ጎጂ ነው። ውሃ እንኳ በሆድ አልረጋ ካለ ወይም ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።