የወረዳ ምክር ቤት ከሪፖርቱ ይልቅ ሰውን ይከተል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

የወረዳ ምክር ቤቶች በጤናና በችግረኞች እርዳታ ሥራ ላይ ስለሚያደርጉት ቁጥጥር ያለኝን ጥቂት ሐሳብ ለአንባቢዎችዎ እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የማይመለከተው ሰው የለም፤ ይልቁንም ሪፖርት መጻፍና ሪፖርት መስማት የዕለት ሥራችን የሆነውን የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ ይነካናል።

ከአንዲት ጎረቤቴ ልጀምር። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ናቸው። ደም ግፊት ጥሏቸው ግማሽ አካላቸው ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየጊዜው ትመጣለች፤ ግፊታቸውን ለክታ በመዝገቧ ትጽፍና «ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ብላ ትመለሳለች፤ ከዚህ በላይ ለማድረግ በእጅዋ ያለ ነገር የለም። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውም ስማቸውን በቋሚ ተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ አግብቷል። ገንዘቡን ለማውጣት ግን ራሳቸው ይቅረቡ፤ አለዚያ የውክልና ወረቀት ይምጣ ተባለ፤ ውክልና ለመስጠትም መሄድ ያስፈልጋል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው ወይም ገላቸውን የሚያጥብላቸው ሰው በአንዱም መዝገብ አልተጻፈም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ አንደኛው ጽሕፈት ቤት ቤተሰቡን ጐብኝቻለሁ ይላል፤ ሁለተኛውም አረጋዊቷን ደግፌአለሁ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። እርሳቸው ግን እዚያው ተኝተዋል።

የአገራችን ሰው «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላል። መጮኽ ላልቻለስ ማን ይጩኽለት? በእኔ አስተያየት ይህ ሥራ የምክር ቤቱ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፤ አረጋውያንን፤ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ተጀመረ፤ ለየቀበሌውም ሁለት ሁለት ሴቶች እየሠለጠኑ ተመደቡ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በነርሶች አማካይነት ወደ ከተማ ገባ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ መክፈል ለማይችሉት ድኾችም መዋጮውን መንግሥት እንዲሸፍንላቸው ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፤ መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ተመደበላቸው።

እንግዲህ ችግሩ ሥራ አልተጀመረም የሚል አይደለም። ችግሩ ሥራው በሁለት መንገድ መምጣቱ ነው። የጤናው መንገድ ከላይ ከጤና ሚኒስቴር ይነሣል፤ የእርዳታውና የእንክብካቤው መንገድ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይነሣል። በየእርከኑ እየተለያዩ ወርደው ከአንድ አሮጊት ደጃፍ ይደርሳሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላው መምጣቱን አያውቅም። በወረዳ ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ ካቢኔውና ምክር ቤቱ ነው። ካቢኔው ራሱ አስፈጻሚ ስለ ሆነ ስለ ገዛ ሥራው ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በጀት የሚያጸድቀው፤ አስፈጻሚውን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው፤ ቋሚ ኮሚቴም ያቋቋመው ምክር ቤቱ ይቀራል።

ታዲያ ይህ ቁጥጥር ለምን ይደክማል? እንደሚታየኝ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፤ ምክር ቤቱ የሚሰማው የሠሪውን ቃል ብቻ ነው፤ የተረጂው ቃል ከጉባኤው አይደርስም። የዕቅዱ አፈጻጸም በመቶኛ ይነበባል፤ ጥቂት ጥያቄ ይቀርባል፤ ይጸድቃል። ሁለተኛ፤ ከምክር ቤት አባላት ብዙዎቹ በዚያው ወረዳ ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው፤ ሰው ነገ ዕድገቱን የሚወስንለትን አለቃውን ዛሬ በጉባኤ ፊት አጥብቆ ይጠይቅ ማለት ከባድ ነው። ሦስተኛ፤ የመራጭ ፍርድ ዘገየ። በ2005 ዓ.ም. የተደረገው የአካባቢ ምርጫ ዘመኑ አምስት ዓመት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። የመራጩ ጥያቄ ሲዘገይ የጉባኤው ጥያቄ መጠንከር ሲገባው፤ የሆነው ግን እንዲህ አይደለም።

ይህ ድካም የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የወጣ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች የጤና አገልግሎትን እንዲመረምሩና ኃላፊዎችን ጠርተው እንዲጠይቁ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን ስታፎርድ በምትባል ከተማ በነበረ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2009 ድረስ ሕሙማን ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው፤ በቆሸሸ አልጋ ላይ ተኝተው ሲንገላቱ፤ የአካባቢው ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች ጉዳቱን ሳያውቁት ቆዩ። ነገሩን አደባባይ ያወጡት እናታቸውን ወይም አባታቸውን ያጡ ቤተ ሰቦች ተሰባስበው በመጮኻቸው ነው። ጠበቃው ሮበርት ፍራንሲስ መርምረው በ2013 ባወጡት ዘገባ፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋራ እነዚህን ኮሚቴዎችም ወቅሰዋል፤ ጥያቄያቸው ጥልቀት አልነበረውም ብለዋል። ከዚህ የምንማረው ሥልጣን በወረቀት መስጠት ብቻውን ሕመምተኛን እንደማያድን ነው።

ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አራት ነገር አሳስባለሁ።

መጀመሪያ፤ ቋሚ ኮሚቴው በየሩብ ዓመቱ ከሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ዐሥር ስም በዕጣ ያውጣ፤ ለጽሕፈት ቤቶቹ አስቀድሞ ሳይነግር፤ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ ቤታቸው ድረስ ይሂድ። የሚጠይቀው ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ተገኘ ወይ? ገንዘቡ ከእጅዎ ደረሰ ወይ? የሚያጥብዎና የሚያጐርስዎ ማን ነው? መልሱ በጉባኤ ሲነገር ግን የሕመምተኛው ስም አይጠራ።

ሁለተኛ፤ የምክር ቤት አባል የሆነ ሠራተኛ የራሱ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲሰማ ድምፅ ከመስጠት ይታቀብ።

ሦስተኛ፤ አዲስ ሪፖርት ከመሰማቱ በፊት ባለፈው ጉባኤ ለተጠየቀው ምን መልስ እንደ ተሰጠና ምን እንደ ተፈጸመ ይነበብ፤ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ።

አራተኛ፤ የእድር ዳኞች ይጠሩ። በየሰፈሩ ማን አልጋ እንደ ያዘ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እድሩ ነው። ያቺን ጎረቤቴንም እስከ ዛሬ ገላቸውን የሚያጥቡላቸው የእድራችን ሴቶች በተራ ናቸው፤ ስለዚህ ሥራቸው ግን እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ጽሕፈት ቤት የለም።

«የምክር ቤት አባል ሐኪም አይደለም፤ ስለ ጤና ምን ያውቃል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለ መድኃኒቱ ዓይነት ይፍረድ ያለው የለም። መድኃኒቱ መድረሱንና አለመድረሱን ለማወቅ ግን የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ደግሞም ጉድለት በተገኘ ጊዜ ቅጣቱ በዚያች ቤት ለቤት በምትዞር ባለሙያ ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ይገባል፤ እንዲህ ከሆነ ለሚቀጥለው ጊዜ ጉድለቱን ትሸሽጋለች፤ ምክር ቤቱም ዳግመኛ እውነቱን አያገኝም። የሚጠየቀው ሥራውን ያቀደውና በጀቱን የያዘው ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ቃል አለኝ። ለምክር ቤት የሚቀርበውን ሪፖርት የምንጽፈው እኛ ነን። የደረስንባቸውን ሰዎች ቁጥር ከጻፍን በኋላ ከሥሩ አንድ መስመር ብንጨምርበት፤ «ያልደረስንባቸው እነዚህን ያህል ናቸው፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብንል፤ የአባላቱ ጥያቄ ከዚያ መስመር ይጀምራል። ይህን ለመጻፍ የማንንም መመሪያ መጠበቅ የለብንም። እኛም ጡረታችን ሲደርስ፤ ጉልበታችንም ሲከዳን፤ ስማችን ከዚያው መዝገብ ውስጥ የሚገባ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ