የሉል ገበያ በቻይና አገር ስለ መስፋቱ

የቻይና ሕዝብ ሉል መግዛትን እጅግ ማብዛቱ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየአገሩ የንግድ ጋዜጦች ይነገራል። ነገሩ የሩቅ አገር ሴቶች የጌጥ ወሬ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ፥ በዚህ ዐምድ ስፍራ ማግኘቱ ሳያስደንቀው አይቀርም። ነገር ግን አንድ ዕቃ ከነገሥታት ግምጃ ቤት ወጥቶ በየመንደሩ ልጃገረድ አንገት ላይ ሲውል፥ ዋጋው በምን እንደሚቆም፥ ገዢው የማንን ቃል አምኖ ገንዘቡን እንደሚሰጥ፥ አምራቹስ ከትርፉ ምን እንደሚደርሰው መመርመር፥ የከበረ ድንጋይ ቈፍሮ ለሚሸጥ አገር ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ አሳባችንን ለመግለጥ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሉል እንደ ወርቅና እንደ አልማዝ ከመሬት ተቈፍሮ የሚወጣ አይደለም። በውሃ ውስጥ የሚኖር በሁለት ክዳን የተዘጋ ዛጎል፥ ባዕድ ነገር ወደ ሥጋው የገባበት እንደ ሆነ፥ የቤቱን ውስጠኛ ግድግዳ በሚለስንበት በዚያው በሚያብረቀርቅ ልስን ደራርቦ እየሸፈነ የሚሠራው ነው። የግእዝ ሊቃውንት ባሕርይ ይሉታል፤ በክብረ ነገሥትም ከአዳም ዠምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረው ንጹሕ ነገር በዚሁ በባሕርይ ተመስሎ ይነገራል። ሉል የሚለው ስም ደግሞ ከዐረብኛው ጋራ አንድ ነው። በቀይ ባሕርም በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች ለብዙ ዘመን ሲያወጡት ኖረዋል። ስለዚህ ዕቃው ለእኛ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በምሥራቅ ቻይና በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ዡጂ የምትባል ከተማ አለች። የአገሩ ሰዎች በጥንት ዘመን በመልኳ ማማር የታወቀችው ሺ ሺ የተወለደችባት ናት ይላሉ፤ ዛሬ ግን ስሟ የሚነሣው በሉል ነው። በግዛቷ ውስጥ በሻንሺያሁ የሚኖሩ ገበሬዎች ከ1970ዎቹ ዓመታት መዠመሪያ ወዲህ በኩሬ ውስጥ ዛጎል እያረቡ ሉል ማልማት ያዙ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከአንዱ ዛጎል ለምድ ላይ ትንንሽ የሥጋ ቍራጭ ይወሰድና በሌላው ዛጎል ለምድ ውስጥ በጥንቃቄ ይተከላል፤ ያም ዛጎል በመረብ ተንጠልጥሎ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ዓመትም በኩሬው ውስጥ ይቈያል። የባሕሩ ዛጎል በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሉል ሲያፈራ፥ ይህ የኩሬው ግን ሠላሳና ከዚያም በላይ ያፈራል። በ2000ዎቹ ዓመታት የቻይና የኩሬ ሉል በዓመት ከሺህ ቶን በላይ ሲደርስ፥ አኮያ የተባለው የጃፓን የባሕር ሉል ከጥቂት ዐሥር ቶን አላለፈም። ዛሬም ጨው በሌለበት ውሃ ከሚለማው የዓለም ሉል ከመቶ ከዘጠና እጅ የሚበልጠው የቻይና ነው።

መዠመሪያ የወጣው እንደ ሩዝ ቅንጣት የረዘመና የተጨማደደ ስለ ነበረ፥ በኪሎ እየተመዘነ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ባለሙያዎችም ይንቁት ነበር። ኋላ ግን ገበሬዎቹ ዘሩን እየመረጡ፥ ጊዜውን እያስረዘሙ፥ በአንዳንዱም ዛጎል ውስጥ ክብ ፍሬ እየተከሉ፥ ከባሕሩ ሉል ጋራ ሲተያይ ዐይንን የሚያጠራጥር ክብና ትልቅ ሉል ለማውጣት ቻሉ። ይህን ያህል ሙያ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መድረሱ የሚያስመሰግን ነው።

የገዢውም ጠባይ ከዚህ ጋራ ተለወጠ። በቻይና ከተሞች ሉል የእናትና የአያት ጌጥ ነው እየተባለ ይነገር ነበር፤ አሁን ግን የሚገዙት ወጣቶቹ ናቸው። ከሠርግና ከበዓል ልብስ ጋራ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራ ሲሄዱ በሚለብሱት በተራው ልብስ ላይ ያደርጉታል። የአባቶቻቸውን ዘመን ልብስ መልበስ የወደዱት ደግሞ በጠጕራቸውና በፊታቸው ላይ ሳይቀር ይሰኩታል፤ ወንዶችም በአንገታቸው ማሰር ዠምረዋል። የወርቅ ዋጋ በእነዚህ ዓመታት እየከበደ መሄዱም ሳይረዳው አልቀረም፤ የወርቅ ድሪ መግዛት ያልቻለች ሠራተኛ በትንሽ ገንዘብ የሉል ጕትቻ ታገኛለችና። በዚህ የሚያስከፋ ነገር አናይም። ጌጥ የባለጠጎች ብቻ ይሁን የሚል ሰው ቢኖር አሳቡን አንጋራም።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን የመሸጫው ነው። ነጋዴው ሱቁን ትቶ በእጅ ስልክ መስታወት ላይ ይታያል፤ ገዢዎቹም በየቤታቸው ተቀምጠው በሺህ እየሆኑ ይመለከቱታል። አንዳንዱ የተሠራውን ድሪ ያሳያል፤ ሌላው ግን ያልተከፈተውን ዛጎል ይሸጣል። ገዢዋ ገንዘቧን አስቀድማ ትከፍላለች፤ ነጋዴው በፊቷ ዛጎሉን በካራ ይከፍትና ውስጡ ያለውን ሉል አንድ ሁለት እያለ ይቈጥርላታል። ሲበዛላት ደስ ይላታል፤ ሲያንስባት ሌላ ትገዛለች። ይህ ንግድ ነው ወይስ የዕድል ጨዋታ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

የባሕሩ ሉል ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ2019 በጃፓን በኤሂሜና በሚዬ ባሕር ዳርቻዎች ብዙ የአኮያ ጫጩት ዛጎል በበሽታ ስላለቀ ምርቱ ጐደለ፤ ጥቂት ቈይቶም የቻይና ገዢዎች ፍላጎት በዛ። በነሐሴ 2023 ጃፓን ከፉኩሺማ የኤሌክትሪክ ጣቢያ የተጠራቀመውን የታከመ ውሃ ወደ ባሕር መልቀቅ ስትዠምር፥ ቻይና የጃፓንን የባሕር ምግብ እንዳይገባ ከለከለች። ክልከላው ምግብን እንጂ ጌጥን የሚነካ አልነበረም፤ ቢሆንም ነገ ይጠፋል የሚል ወሬ ከገበያው አልጠፋም። ጃፓን በ2023 ወደ ውጭ የሸጠችው ሉል በዋጋ ሲተመን ካለፈው ዓመት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ ከዚህም የሚበልጠው በሆንግ ኮንግ በኩል ያለፈ ነው። ገበያ አደገ ሲባል እንዲህ ያለውን ለይቶ ማየት ይገባል። ለአንገት የሚገዛና ለሣጥን የሚገዛ አንድ አይደለም። ሊያጌጥ የገዛ ሰው ዋጋው ቢወርድም ጌጡን ያደርገዋል፤ ሊያተርፍ ያከማቸው ግን ወሬው በተለወጠ ማግስት ሣጥኑን ይዞ ወደ ገበያ ይሮጣል።

እንግዲህ የሚያሳስበን ወደ ሆነው ነገር እንምጣ። የሉል ገዢ በዐይኑ አይቶ ብቻ ማወቅ የማይችለው ብዙ ነው። የኩሬ ይሁን የባሕር፥ ቀለሙ የራሱ ይሁን የተነከረ፥ ልስኑ ወፍራም ይሁን እንደ ሽንኵርት ልጣጭ የሣሣ፥ ከነጭራሹም ከመስታወት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ይሁን፥ ነጋዴው ካልነገረው አይለየውም። ሐሰተኛ ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ፥ ርካሹን የኩሬ ሉል በቀለም ነክሮ በሞተ የባሕር ዛጎል ውስጥ ይከትና ክዳኑን ገጥሞ ይሸጠዋል፤ ገዢዋም ሲከፈት እያየች ተአምር ያገኘች ይመስላታል። አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ ሉል ከእንዲህ ያለው ዛጎል ሲወጣ ያየ ሰው፥ ያን ቀለም ዛጎሉ እንዳልሠራው ይወቅ።

ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ፥ ርካሽ የፈለገ ርካሽ ያገኛል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህ አነጋገር ከሐሰተኛው ይልቅ እውነተኛውን ነጋዴ የሚጐዳ መሆኑን እናምናለን። ገዢ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ያልቻለ እንደ ሆነ ለሁለቱም የሚከፍለው የሐሰተኛውን ዋጋ ነው፤ አምስት ዓመት ዛጎሉን የጠበቀው ገበሬም ትናንት ከተነከረው ጋራ በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

የቻይና ሰዎች ራሳቸው ስለዚህ ነገር የቈየ ታሪክ አላቸው። በደቡብ ባሕር ዳርቻ ሄፑ በምትባል አገር ሕዝቡ የሚኖረው ሉል እያወጣ በእህል በመለወጥ ነበር። በኋለኛው ሃን መንግሥት ዘመን የተሾሙት ገዢዎች ስግብግቦች ሆነው ያለ ልክ ስላስወጡት፥ ሉሉ ተሰድዶ ወደ ጎረቤት ግዛት ሄደ ይባላል፤ ነጋዴ ቀረ፥ ድኻውም በመንገድ ላይ ሞተ። ኋላ ሜንግ ቻንግ የተባለ ሹም መጥቶ የቀድሞዎቹን ክፉ ልማድ ቢያስተው፥ ዓመት ሳይሞላ ሉሉ ተመለሰ ብለው በታሪክ መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ዛጎል እግር የለውም፤ የተሰደደው ምን እንደ ሆነ ግን አንባቢ አያጣውም። ዛሬም በኩሬዎቹ ላይ የሚታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። ዛጎሉ የሚመገበው በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ረቂቅ አረንጓዴ ነገር ስለ ሆነ፥ ያ እንዲበዛለት ፍግና ማዳበሪያ በኩሬው ይጨመራል፤ ከልክ ሲያልፍም ውሃው ይበላሻል። ባለሥልጣኖቹ በብዙ ስፍራ እርባታውን መወሰንና የሚወጣውንም ውሃ ማጣራትን ማዘዛቸው ስለዚህ ነው። ምርቱ ቢያንስ ዋጋው ይደገፋል፤ ወንዙም ይድናል።

መታመን የጐደለበት ጌጥ ምን ያህል እንደሚወድቅ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀድሞ ሉል ሁሉ ወፍ ዘራሽ ነበረ፤ ጠላቂ ነፍሱን ሸጦ ከባሕር ወለል ያመጣው ነበር። በ1917 የካርትዬ ቤት በኒው ዮርክ ከተማ በአምስተኛው ጐዳና ያለውን ሕንጻ ያገኘው፥ 1 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ሁለት ድርብ የሉል ድሪ ለውጦ ነው። ያው ድሪ በ1957 በጨረታ ሲሸጥ 160 ሺህ ዶላር አልሞላም። በመካከሉ የሆነው የታወቀ ነው። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ በ1893 ግማሽ ክብ ሉል በዛጎል ውስጥ አልምቶ አወጣ፤ ጥቂት ቈይቶም የአገሩ ሰዎች ሙሉውን ክብ ለማልማት ቻሉ። ነጋዴዎቹ በእጅ የተዘራውንና ወፍ ዘራሹን መለየት ሲያቅታቸው ገዢው በሁለቱም ተጠራጠረ፤ የ1929ኙም የገንዘብ ችግር ተጨመረበትና በባሕረ ሰላጤው ዳር ያሉት የባሕሬን፥ የኩዌትና የዱባይ ጠላቂዎች ሥራቸውን አጡ። ባሕሬን በ1932 የምድር ዘይት ባይገኝላት ኖሮ ምን ትሆን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ሁለቱ ወገኖች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ተለያየ፤ ሁለቱም ግን በመታመን ላይ የቆመ ነው። ሚኪሞቶ በ1932 በኮቤ ከተማ ዝቅተኛውን ሉል በአደባባይ አቃጠለ፤ ማስታወቂያም እንደ ነበረ አይጠፋንም፤ ቢሆንም መጥፎውን ከደኅናው ጋራ ቀላቅሎ ከሚሸጥ ይሻላል። ባሕሬን ደግሞ የለማውን ሉል በአገሯ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች፤ በ2017ም ሉልንና የከበረ ድንጋይን መርምሮ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ዳናት የተባለ ተቋም አቆመች። ቻይና ሁለቱንም እንዳለ ልትወስድ አትችልም፤ የሚበዛው ሀብቷ በእጅ የተዘራው ነውና። የምትችለው ግን አለ። በስልክ መስታወት የሚሸጥ ሁሉ የሉሉን ዐይነት፥ የበቀለበትን ውሃና በቀለም መነከሩን ከዋጋው ጋራ አያይዞ እንዲናገር፥ ያልተናገረም ገንዘቡን እንዲመልስ ማድረግ ነው።

ይህን ስናነብ ዐይናችን ወደ ወሎ መመለሱ አልቀረም። በ2008 በደላንታ በወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በብዙ አገር ገበያ የታወቀ ነው፤ ወጣቶቹ በገደሉ ጕን ዋሻ እየፈለፈሉ፥ አንዳንድ ጊዜም አፈር እየተናደባቸው ያወጡታል። ይህ ድንጋይ ውሃ የሚመጥ ጠባይ ስላለው ቀለምም ይቀበላል፤ ስለዚህ በባዕድ አገር በጢስ የጠቈረና በቀለም የተነከረ የኢትዮጵያ ኦፓል ይሸጣል። ነጋዴው የድንጋዩን ጠባይ ሳይገልጥ በሸጠ ጊዜ፥ ገዢዋ እጇን ስትታጠብ ቀለሙ ሲለወጥባት የምትወቅሰው ነካሪውን ሳይሆን አገሩን ነው። የማዕድን ባለሥልጣኖችና የወሎ ነጋዴዎች ተነጋግረው፥ ከአገር በሚወጣው በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የወጣበትን ስፍራ፥ ውሃ የሚመጥ መሆኑንና ከመነካት የነጻ መሆኑን የሚገልጥ ወረቀት እንዲያያዝ ቢያደርጉ፥ ወጪው ከድንጋዩ ዋጋ ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው።