ለታክሱ ብላችሁ ቤት አትግዙ

«ኪራይ ስትከፍል የሰው ቤት ነው የምትገነባው፤ የራስህን ግዛ፣ ታክሱም ይመለስልሃል።» ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ይህን ምክር ያልሰማበት ቦታ የለም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይነገራል፣ በሰርግ አዳራሽ ይነገራል፣ ለቅሶ ቤትም አይቀር። መካሪዎቹ ክፋት የላቸውም፤ ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ቤት ገዝተው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። የምክሩ ሁለተኛ ክፍል ግን ጊዜ አልፎበታል። ዛሬ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ቤት በመግዛቱ ከፌዴራል ግብሩ የሚቀነስለት አንድም ምንም ነው፣ አለዚያም እዚህ ግባ የማይባል ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ወለዱ ላይ ነው። ወለዱን ከሚወስኑት ዋነኛ ነገሮች አንዱ ደግሞ ብድር ልንጠይቅ ከመሄዳችን ከአንድና ሁለት ዓመት በፊት ክሬዲታችን ላይ የሠራነው ሥራ ነው።

አሜሪካ በ1913 የገቢ ግብር ስትደነግግ የማንኛውም ብድር ወለድ ከገቢ ላይ ይቀነስ ነበር። በ1986ቱ ማሻሻያ የክሬዲት ካርድና የመሳሰለው የግል ብድር ወለድ ሲሰረዝ የቤት ብድሩ ተረፈ። «ታክሱ ይመለስልሃል» የሚለው ምክር ያደገው በዚያ ዘመን ነው፤ ያኔ እውነት ነበር። የ2017ቱ የግብር ሕግ ግን ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን፣ ማለትም ማንም ሰው ደረሰኝ ሳያቀርብ ከገቢው ላይ የሚነሳለትን መጠን፣ እጥፍ ገደማ አሳደገው። ለ2025 ግብር ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር፣ ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር ነበር። የቤቱ ወለድ፣ የስቴትና የንብረት ግብር፣ ለቤተ ክርስቲያን በደረሰኝ የሰጣችሁት ሁሉ ተደምሮ ከዚህ ካልበለጠ ወለዱ ጥቅም የለውም። ሲበልጥም የሚጠቅመው የበለጠው ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ባልና ሚስት 300,000 ዶላር በ6.5 ከመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደሩ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 19,400 ዶላር ገደማ ይሆናል። የስቴትና የንብረት ግብራቸው 10,000 ቢሆን ድምሩ 29,400 ነው፤ 31,500 አልሞላም። ከፌዴራል ግብራቸው በቤቱ ምክንያት አንድ ዶላር አልተነሳላቸውም። ብድሩን ወደ 400,000 ከፍ ብናደርገው ወለዱ ወደ 25,900፣ ድምሩም 35,900 ይጠጋል። ትርፉ 4,400 ዶላር ነው። የገቢያቸው የግብር እርከን 12 ከመቶ ከሆነ በዓመት የሚተርፋቸው 530 ዶላር እንኳ አይሞላም።

አሁን ይህንኑ የ400,000 ብድር በ7.25 ከመቶ ወለድ እንውሰደው። ወርሃዊው ክፍያ ከ2,528 ወደ 2,729 ዶላር ከፍ ይላል። በወር 200፣ በዓመት 2,400፣ በ30 ዓመት ከ72,000 ዶላር በላይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ፣ አንድ ዓይነት ቤት ገዝተው እንዲህ ሊለያዩ ይችላሉ። ከሚለያዩባቸው ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ የክሬዲት ስኮር ነው። ከግብር ስለሚገኘው 530 ዶላር የማይነግረን የለም፤ ስለ 2,400ው ግን ዝም ይባላል። ይህ ዝምታ ነው የሚያሳዝነኝ።

ስኮር የምንለው በአብዛኛው ፋይኮ የሚባለውን ነው። መሐንዲሱ ቢል ፌርና የሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ በ1956 የመሠረቱት ኩባንያ በ1989 ያወጣው ሲሆን፣ ከ1995 ጀምሮ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዙት በፋኒ ሜይና በፍሬዲ ማክ በኩል የቤት ብድር መለኪያ ሆነ። ከ300 እስከ 850 ይቆጥራል። 35 ከመቶው ዕዳን በጊዜው መክፈል ነው። 30 ከመቶው ከተፈቀደልን ብድር ምን ያህሉን እንደያዝን ነው፤ 15 ከመቶው የታሪኩ ርዝመት ነው፤ የቀረው አዲስ ብድር መጠየቅና የብድሩ ዓይነት ነው። ደሞዝ አይጠይቅም፤ ከየት አገር መጣህም አይልም። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሐኪሙ የበለጠ ስኮር ሊኖረው ይችላል። ገና ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በደሞዝ የማንበልጠውን በሥርዓት እንበልጣለን።

ችግራችን ሥርዓት ማጣት አይደለም። ያደግነው ዕዳ የሌለበት ሰው በሚከበርበት ቤት ነው። መኪናውን በጥሬ ገንዘብ የገዛ፣ ካርድ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው በእኛ ዓይን ጨዋ ነው። ለስኮሩ ግን ይህ ሰው አይታይም፤ ታሪክ የለውም። ለዚህ ሰው የምመክረው ገንዘብ ተይዞበት የሚሰጥ ካርድ ማውጣት፣ በእሱ ቤንዚን ብቻ መቅዳት፣ በየወሩ ሙሉውን መክፈል ነው። ካርዱን ጥግ ድረስ ተጠቅሞ በመጨረሻው ቀን ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰውም ስኮሩ ዝቅ ሲልበት ይደነግጣል። ባንኩ ለክሬዲት መዝጋቢ ኩባንያዎቹ የሚልከው ብዙውን ጊዜ የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ቀን የነበረውን ዕዳ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ከመዘጋቱ ቀደም ብሎ መክፈል ይበጃል።

በተለይ ባለትዳሮች ይህን ልብ በሉ። አበዳሪው ከመዝጋቢዎቹ ከኤክዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን የሦስቱንም ስኮር አውጥቶ መካከለኛውን ይይዛል፤ ባልና ሚስት አብረው ከጠየቁ ደግሞ ወለዱ በአብዛኛው የሚተመነው ዝቅ ባለው ሰው ስኮር ነው። በብዙ ቤታችን ካርዱም፣ የመኪናው ብድርም፣ መብራቱም በባል ስም ነው። እሷ አሥር ዓመት ሠርታ ግብር ከፍላ ክሬዲቷ ባዶ ይሆናል። ሳትዘገዩ በስሟ ይከፈት። ቤት ለመግዛት ብቻ አይደለም፤ እሱ ቢታመም ወይም ቢለያዩ ኪራይ ቤት የምታገኘውም በዚሁ ነው።

የስማችን ጉዳይም አለ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተመዝግቦ፣ በአንዱ ወረቀት የአያት ተጨምሮ፣ ፊደሉም በእንግሊዝኛ በሦስት መንገድ ተጽፎ፣ የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት የሚከፈልበት ወይም የሞክሼው ዕዳ የሚመጣበት ጊዜ አለ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በሚባለው ድረ ገጽ ሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። ስህተት ሲገኝ ለመዝጋቢው በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ሕጉ በጥቅሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣራ ያስገድደዋል። «ክሬዲትህን በሳምንት አስተካክላለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው እናንተ በነጻ ልታደርጉት ከምትችሉት በላይ በሕግ የሚያደርገው ነገር የለም። እውነተኛ መጥፎ መዝገብ በአብዛኛው ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ማንም አይፍቀውም።

ኮሳይን ማድረግ፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም፣ ከሁሉ ይከብደኛል። የአጎት ልጅ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው፣ ለሥራ መኪና ያስፈልገዋል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔም እምቢ በሉ አልልም። ግን የአገር ቤት ዋስ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ተበዳሪው ሲጠፋ ነው፤ እዚህ ዕዳው ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ የእናንተም ነው። እሱ በ30 ቀን ቢዘገይ የእናንተ ስኮር ይወድቃል፤ ቤት ልትገዙ ስትሄዱም የእሱ ወርሃዊ ክፍያ ከእናንተ ዕዳ ጋር ይቆጠራል። መውጫው አንድ ነው፤ እሱ ከራሱ ባንክ 12 ወር ሳያዛንፍ እንደከፈለ ማስረጃ ካቀረባችሁ ብዙ አበዳሪዎች ከሒሳቡ ያወጡላችኋል። ስለዚህ ስትፈርሙ ክፍያው ከእሱ ሒሳብ እንዲወጣ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ።

ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ደግሞ ግብርና ብድር ፊት ለፊት ይጋጫሉ። በ2025 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢ ይነሳ ነበር። 80,000 ዶላር አስገብቶ 60,000 ማይል የነዳ ሾፌር 42,000 ዶላሩ ተነስቶለት ወረቀቱ ላይ 38,000 ይቀረዋል። ሕጋዊ ነው፤ ለግብርም ጥሩ ነው። አበዳሪው ግን የሚያምነው ያንኑ ወረቀት ነው፣ ያውም በአብዛኛው የሁለት ዓመቱን አማካይ። ከማይሉ ሒሳብ ውስጥ የመኪና እርጅና ድርሻው ተመልሶ ሊደመር ይችላልና ብድር አስፈጻሚውን በግልጽ ጠይቁት፤ ሁሉም አያስታውስም። ከዚህ ውጭ ገቢ አሳብጦ ወረቀት የሚሠራ ሰው ቢመጣ ሽሹት። ከ2008 ቀውስ በፊት ገቢ በቃል ብቻ እየተጻፈ የተሰጡ ብድሮች ስንቱን ቤተሰብ ከቤቱ እንዳስወጡ እናውቃለን።

እቁብን በተመለከተ የምለው ብዙዎችን የሚያስገርም ይመስለኛል። ለሃያ ዓመት ሳያዛንፉ እቁብ የጣሉ እናቶች አሉ፤ ከማንኛውም ባንክ የበለጠ የመክፈል ታሪክ ነው፣ ስኮሩ ግን አያውቀውም። ይህ ቅር ያሰኘኛል። ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድሚያ ክፍያው ማለት ነው፣ ግን እቁብ ተቀባይነት አለው። የፋኒ ሜይ መመሪያ በማኅበር የሚጠራቀም ቁጠባን ይቀበላል፤ የፌዴራሉ የቤት ብድር ዋስትና ሰጪ ኤፍኤችኤ ደግሞ የግል የቁጠባ ማኅበርን በመመሪያው ያውቃል። የሚጠየቀው ሰብሳቢው የሚጽፈው ማረጋገጫና በየጊዜው መክፈላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ዕጣው ወጥቶላችሁ ገና የምትጥሉት ከቀረ፣ ያ ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጠራል። እንግዲህ የእቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ መዝገቡን በንጽሕና ያዙ፤ ክፍያው በዜል ወይም በቼክ ይሁን። 20,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ክሎዚንግ፣ ማለትም የግዢው መፈጸሚያ ቀን፣ ሊደርስ ሲል በድንገት ባንክ ካስገባችሁ አበዳሪው ምንጩን ሲጠይቅ ቤቱ ከእጃችሁ ሊያመልጥ ይችላል።

ለቤት ባለቤቶች የሚጠቅም የግብር ቅናሽ የለም ማለቴ አይደለም። የሚጠቅሙት በሌላ በኩል ናቸው፣ ብዙዎቻችንም እናልፋቸዋለን። ሜሪላንድ የሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት አላት። የቤቱ ግምት በየሦስት ዓመቱ ሲከለስ ቢዘል እንኳ ግብር የሚከፈልበት ጭማሪ በዓመት ከ10 ከመቶ እንዳያልፍ ይገድባል፤ ከዚያ ዝቅ ያደረጉ ካውንቲዎችም አሉ። የምትኖሩበት ቤት መሆን አለበት፣ ማመልከቻውም አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል። ካልሞላችሁ ግን በራሱ አይመጣም። የቤተሰብ ገቢው ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ ደግሞ በየዓመቱ የሚጠየቅ ሌላ የንብረት ግብር ክሬዲት አለ። በር አንኳኩተው ለጣሪያችሁ የፀሐይ ኃይል ሲሸጡላችሁ «30 ከመቶው በታክስ ይመለሳል» የሚሏችሁን ግን አትመኑ፤ ያ የፌዴራል ክሬዲት በ2025 መጨረሻ ቆሟል።

ትልቁ ቅናሽ የሚመጣው ሲሸጥ ነው። ከ1997 ጀምሮ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ዓመት በባለቤትነት የኖረበትን ቤት የሚሸጥ ሰው ከትርፉ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ደግሞ 500,000 ዶላር ከፌዴራል ግብር ነጻ ይሆንላቸዋል። በዘጠናዎቹ ውስጥ ቤት የገዙ ወላጆቻችን ዛሬ ትርፋቸው እዚህ ሊደርስ ይችላል። ወጥ ቤቱን ያሳደሱበት፣ ጣሪያ የለወጡበት ደረሰኝ ሁሉ ከትርፉ ላይ ስለሚቀንስ ይቀመጥ።

ባል የሞተባት ሴት ሳታገባ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ቤቱን ከሸጠች የ500,000ው መብት ይቆይላታል፤ ካለፈ ወደ 250,000 ይወርዳል። ቤቱ በሁለቱ ስም ከነበረም የእሱ ግማሽ ዋጋ በሞተበት ቀን በነበረው ገበያ እንደ አዲስ ይተመናል። መሸጥ የለባትም፤ ቤቷ ነው። ግን ቀኑ ሳታውቀው እንዳያልፍባት። ከአርባው በኋላ ሊጠይቃት የሚሄድ ዘመድ ይህን ይንገራት፤ አብሯት ቁጭ ብሎም የግዢውን ውልና የእድሳቱን ደረሰኞች ከየመሳቢያው ይፈልግላት፣ የሞቱ ቀን ገደማ የቤቱ ዋጋ ስንት እንደነበረም በባለሙያ አስገምቶ በጽሑፍ ያስይዝላት።