ከእሑዱ ስፖርት የቀሩት ጎረቤቶቻችን

የካ ክፍለ ከተማ ስፖርት የሚሠራበት ቦታ አያጣም። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በየወሩ የመጨረሻ እሑድ አስፋልቱ ለእግረኛ ተለቀቀና ብዙዎቻችን በቱታ አደባባይ መውጣትን ለመድን። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ የተሠራው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይዞ መጣ። እሑድ ማለዳ በየሜዳው ማስ ስፖርት አለ፤ እናቶች በነጠላ፣ ጡረተኞች በኮፍያ፣ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ይሠራሉ።

በዚህ ሁሉ ሰው መካከል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ጎልማሳ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ዳውን ሲንድረም ያለባት የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ኦቲዝም ያለበት ጢሙ የጠቆረ ወጣት? በየመንደራችን አሉ። ቤት ናቸው። ጠዋት ቁርስ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ምሳ፣ ከሰዓት ደጅ ላይ ቁጭ ማለት። እናት እያረጀች ትሄዳለች፣ ልጅ እየወፈረ ይሄዳል፤ ደረጃ መውጣት ያቃተውን ልጅ አቅፋ ማንሳት የማትችልበት ቀን ይመጣል።

ለሕፃናቱ እንኳ ጥቂት በር የተከፈተው በእናቶች ጉልበት ነው። ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትመሠርት ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። የራሷን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥታ ለብዙ ልጆች በር ከፈተች፤ በ2013 ዓ.ም እስክታርፍ ድረስም ደፋ ቀና አለች። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጅ ተነሳሽነት የተጀመረ ነው። የኢትዮጵያ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ብሔራዊ ማኅበርም ወላጆችን ሲያሰባስብ ኖሯል። እነዚህን ማመስገን ተገቢ ነው። ግን ማዕከሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ተራው ረጅም ነው፣ የሚበዙትም ልጆችን እንጂ ጎልማሶችን አይቀበሉም። አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላ በኋላ የት ይሂድ? እኔ መልሱን አዲስ ማዕከል እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም ባይ ነኝ። ሜዳው አለ፣ አሰልጣኙ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ። የጎደለው ጥሪ ነው።

ነገሩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የጆሮና የዓይን ችግር፣ ያለልክ መወፈርም በእነሱ ላይ ይበረታል። የሚጥል በሽታ በአእምሮ ዕድገት ውስንነትም በኦቲዝምም ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። ሕመማቸውን በቃል መናገር የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። ጥርሱን ያመመው ልጅ ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ «ያው የተፈጥሮው ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ ጥርሱ ግን እዚያው እየበሰበሰ ነው። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ሰው ስታዩ መጀመሪያ አፉን ክፈቱ፣ ጆሮውን እዩ፣ ሆዱን ዳስሱ።

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው ከትልቅ ሕንፃ አይደለም። ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የነበረባት እህት ነበረቻት። እ.ኤ.አ. በ1962 ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኘው የገዛ ግቢዋ የበጋ የጨዋታ ካምፕ ከፈተች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ቺካጎ ላይ የመጀመሪያው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ስፖርተኞቹ ለውድድር ሲሰበሰቡ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስና እግር የሚመረመርበት አሠራር ተጨመረ። ሊሮጥ የመጣ ሰው በዚያው ሳይታይ የኖረ ሕመሙ ይገኝለታል። ስፖርትና ምርመራን አንድ ቀን ማገናኘት ለእኛም የሚከብድ አይመስለኝም።

በአንድ ሰፈር ሜዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ረጅም ወጣት ከእህቱ ጋር ከሰልፉ ኋላ ቆሟል። አሰልጣኙ «እጅ ወደ ላይ!» ሲል ወጣቱ ትንሽ ዘግይቶ ያነሳል፤ ግን ያነሳል። ስፒከሩ ሲጮኽ ሁለቱን ጆሮዎቹን በመዳፉ ከደነ። እህቱ እጁን ይዛ ልትወጣ ስትል አሰልጣኙ አያትና ሙዚቃውን ዝቅ አደረገው። ወጣቱ እጁን አወረደ፣ እስከ መጨረሻው ሠራ። ለዚህ በጀት አልተያዘም፣ ኮሚቴም አልተቋቋመም።

ስለዚህ የማስ ስፖርት አሰልጣኞች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ስፒከሩን ዝቅ አድርጉት። እንቅስቃሴውን ቀድማችሁ በዝግታ አሳዩ፤ ለእነዚህ ጎረቤቶቻችን ከኋላ ሳይሆን ከፊት ቦታ ስጧቸው። ዳውን ሲንድረም ያለበትን ሰው አንገቱ ላይ ጫና የሚያሳድር መገለባበጥ አታሠሩት፤ የአንገት አጥንታቸው ሊላላ ይችላል። ልቡ ያልታየለትን ሰው ይዛችሁ ወደ እንጦጦ አቀበት አትውጡ፤ 3,000 ሜትር ከፍታ ለደከመ ልብ ቀልድ አይደለም። በቅድሚያ ምርመራ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ተራራው በኋላ ይደርሳል።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ የየቤቱን ጓዳ እንደ እናንተ የሚያውቅ የለም። ለቀብር ድንኳን ስትተክሉ ስንት ዓመት ሆናችሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ በእድራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ በአክብሮት ጠይቁ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ መዝግቡ። ለእናትየው በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚተካላት ሰው ፈልጉ። እርስዋ ራስዋ ስኳርና ደም ግፊትዋን ከተለካች ስንት ጊዜ ሆናት?

ጤና ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ጠዋት ለእነዚህ ሰዎች ይለዩ፤ ወረፋ የማይጠበቅበት፣ ጩኸት የሌለበት ጠዋት። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎትና የስፖርት ተማሪዎች አሉት፤ የተግባር ልምምዳቸውን እዚሁ ጎረቤት ሜዳ ላይ ቢያደርጉት እነሱም ይማራሉ። የእንጦጦ ፓርክ አስተዳደርም በሳምንት አንድ ጠዋት ለአካል ጉዳተኞችና ለአጃቢዎቻቸው በነፃ ቢከፍት፣ ሕዝብ ባልበዛበት ሰዓት ቢያደርገው፣ ወጪው ምንድን ነው?

በየጸበሉ ያላችሁ አባቶችም ቃላችሁ ይሰማል። ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ተናግረው ነበር። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅም ያንኑ ንገሩልን። መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ሁሉ ልመና አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 25 ስለ ጤና፣ አንቀጽ 30 ስለ መዝናኛና ስፖርት ይናገራል። የወረዳ ኃላፊዎች ይህንን ያውቁታል፤ ካላወቁ አንብቡላቸው።

ለቤተሰቦችም አንድ ቃል አለኝ። ሰው ያያል ብላችሁ በር የዘጋችሁ አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም፣ የሰፈሩን አፍ አውቀዋለሁ። ግን አንድ እሑድ አውጧቸው፤ ለመጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ውሃ ያዙ፣ የለመዱትን ጫማ አድርጉላቸው፣ ከደከሙ ተመለሱ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ከሚመጣው እሑድ በፊት የምታውቁትን አንድ ቤት አንኳኩና «በስንት ሰዓት እንምጣላችሁ?» በሉ።